አስቴርዬ እና የሀምበሪቾ ሥር ሩጫችን

አላምንም። ስልኩን ዘግቼ «ተሳስታችኋል» ልላቸው መልሼ ደወልኩ። የአስቴር እህት አነሳችው። ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻለችም።

አስቴር፣ እዚህ ዱራሜ የባዮሎጂ መምህርቷ፣ የሩጫ ጓደኛዬ፣ ዛሬ ንጋት ላይ ወደ ጌታ ሄደች። ትናንት አመመኝ ብትል ሆሳዕና ሆስፒታል ወሰዷት፣ በቃ አልተመለሰችም።

መቀመጥ ሲያቅተኝ ጫማዬን አድርጌ በመንገዳችን ሮጥኩ። መንገዱ ዳር የሚኖሩት አባባ ላምቤቦ አጥራቸው ጋ ቆመው እንደ ልማዳቸው «ማን ሞተ?» አሉኝ። ባለፍን ቁጥር የሚቀልዱብን ቀልድ ነው። ዛሬ ነገርኳቸው። ሽማግሌው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ቀልዱ እንዴት እንደመጣ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘግቼ ከቤት መውጣት ትቼ ነበር። ልጆቼን እንኳ ትምህርት ቤት የምታደርሳቸው ጎረቤቴ ነበረች። ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ብሎኝ ይሄዳል። አስቴር ግን አንድ ቅዳሜ በማለዳ የራሷን ስኒከር ይዛልኝ መጣች፤ ሰፍቶኝ እግሬ ላይ ይዋኛል። «ለቅሶ ተቀምጦም ይለቀሳል፣ እየሮጡም ይለቀሳል። ተነሽ!» አለችኝ። ሴትዮዋ አበደች እንዴ! ግን ተነሳሁ። እሷን እምቢ ማለት የት ይቻላል?

በሀምበሪቾ ተራራ ሥር፣ እንሰቱ መሀል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ወሰደችኝ። እኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሰው በጠዋት ከሮጠ መርዶ ነው። አባባ ላምቤቦ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡና «ኧረ ማን ሞተ?» እያሉ ተከተሉን።

«ማንም አልሞተም አባባ፣ ስፖርት ነው!» አለች እያለከለከች።

«ሰው ካልሞተ ታዲያ ምን አስሮጣችሁ? ኑ ቁጭ በሉና ወተት ጠጡ!»

ሳቅኩ። ከባለቤቴ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሆዴን ይዤ። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞርብኝም አስቴር ዝም በይ አላለችኝም። አጠገቤ ተቀምጣ ወተቷን ጠጣች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርቶብን አያውቅም። ዝናብ ሲመታን፣ ጭቃ ሲጥለን፣ ወደ ጎረቤታችን ዳምቦያ የሚወስደውን መንገድ ሳይቀር አዳርሰነዋል። ሥራ ተመለስኩ፤ ልጆቼንም ራሴ ማድረስ ጀመርኩ። ሰው የሆንኩት በእሷ ነው። ዛሬ ደግሞ ያ ሁሉ ተንዶ ወደዚያች ጨለማ ክፍል እንዳልመለስ ፈርቻለሁ፣ እውነቱን ልናገር።

አስቴርዬ፣ የኔ ደፋር፣ አንቺ ሁልጊዜ ቀድመሽኝ ዳገቱ አናት ላይ ወገብሽን ይዘሽ «ነይ እንጂ!» እያልሽ ትጠብቂኝ ነበር። አሁን ግን አትጠብቂኝ፣ እህቴ። ጌታ እቅፍ ውስጥ ዕረፊ። እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የምመጣው።