የአሳማዎቹ ቁስልና የኔ ዱላ

ጣልያኑ አሳማ የሚያረባው ከመቀሌ ወጣ ብሎ፣ በውቅሮ መንገድ ዳር ነበር። እኔ ከወሎ ሥራ ፍለጋ መጥቼ እሱ ዘንድ ተቀጠርኩ። የሚፈርድብኝ ካለ መጀመሪያ ሁለት ቀን ጦሙን ይደር፣ ከዚያ ይፍረድ።

አሳማ ግን አሳማ ነው። መብላቱ ቀርቶ መንካቱም ያረክሳል። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ እጄ አይነካውም። ረጅም የወይራ ዱላ ቆረጥኩና ስነዳቸውም፣ ከገንዳው ስመልሳቸውም በዱላው ጫፍ ገፋ አደርጋቸዋለሁ። ገፋ ነው ያልኩት፣ መታ አላልኩም። እንደዚያም ሆኖ ቤታቸው የማድርባቸው አሮጊት፣ እንደ አገሩ ሰው አደይ፣ እናቴ ነው የምላቸው፣ ውሃ የሚሰጡኝ ለብቻዬ በለዩት ቅል ነበር።

አሳማዎቹ ቆሰሉ። ጆሯቸው ተቦጨቀ፣ ጭራቸው ተጎመደ፣ ጉልበታቸው ተላጠ። ጣልያኑ ቁስሉን አየ፣ ቀጥሎ ዱላዬን አየ፣ በቃው። አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ ሰው ነው። እየደበደብኳቸው እንደሆነ፣ በሳምንት ውስጥ ካልዳኑ ተገርፌ እንደምባረር ነገረኝ።

«አያ፣ እርስ በርሳቸው እኮ ነው የሚነካከሱት» አልኩት። «ለአስር በተሠራ ጉረኖ ሠላሳ አጎረ። ገንዳው አንድ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ገለባ የሚባል የለ። እሱን ራሱን ከሠላሳ ሰው ጋር እዚያ ቢዘጉበት የማንን ጆሮ እንደሚነክስ ጠይቅልኝ።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠና ለጣልያኑ ሦስት ቃል አለው። ያ ሁሉ ንግግሬ በሦስት ቃል አለቀ።

ጣልያኑ አስመራ ሲሄድ ሳንቃ ለምኜ ጉረኖውን ከፈልኩት፣ ገለባም ጎዘጎዝኩ። ነካሹን ከተነካሹ በዱላ ልለይ ብል ተመልሰው ይቀላቀላሉ። ዱላውን ጣልኩ። የመጀመሪያውን በኋላ እግሩ ያዝኩት። ይሞቃል፣ እንደ በግ ይሞቃል። ይሄ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ሠላሳውንም አንድ በአንድ ጎትቼ ለየሁ።

ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆምኩ። አደይም ሰምተው ኖሮ ቅሉን ሰብረውት ጠበቁኝ። «በእጅህ ጠጣ፣ ልጄ» አሉኝ። በየትኛው እጄ? በዚያው በነካሁበት።

ቁስሉ ግን ደረቀ። ጣልያኑ ተመልሶ ቁስሉንም ባዶ እጄንም አየና ፈገግ አለ፤ እኔም ጅሉ ፈገግ አልኩ።

«ዱላውን ስትተው ዳኑ ይልሃል» አለ አስተርጓሚው። «እንግዲህ ትመታቸው እንደነበር ራስህ አሳየህ ይልሃል።»

ስለ ሳንቃው ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ። እንዲያውም ለሌላ ሥራ ይፈለጋል ብሎ አስነቀለው። በማግስቱ ካሚዮን አዲስ አሳማዎች አምጥቶ እዚያው ላይ ገለበጣቸው። የማይተዋወቅ ከማይተዋወቅ ተደባልቆ ሲቦጫጨቅ ዋለ። ገና ሳይመሽ ጉረኖው ደም በደም ነበር።

ጣልያኑ መጥቶ ዱላ ፈለገብኝ።

«የት ደበቅከው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«አነደድኩት። እጄን የምታጠብበት ውሃ ላፈላበት።»

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይሄንንስ እንዴት አድርጌ ልንገረው?»

እንዴት እንደነገረው አላውቅም። ብቻ ከጉረኖው በር ካለው እንጨት ጋር አሰሩኝ። ሲገርፉኝ አሳማዎቹ ከኋላዬ እየተነካከሱ ይጮሁ ስለነበር የኔን ጩኸት ማንም አልሰማም። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ አልጮህኩም እላለሁ።