ያልተገላበጡት ሁለት ባይቶች

የታሰርንበት ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። የሚዛን ከተማ ዝናብ ያሻገተው የቡና ገለፈት ሽታ ከግድግዳው አልወጣም፤ ጥግ ላይ ያለው የመጸዳጃ ባልዲ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። ስገባ ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ሐጂ ናቸው። ከጅማ በኩል የመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ ከተማው ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አላቸው። ከእኔ ቀድመው ነው የገቡት። የገቡትም በእኔ ፕሮግራም ምክንያት ነው።

እኔ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። በዚያ ሰሞን የፍላሽ ቫይረስ የሰዉን ሰነድ እየበላ አስቸግሮ ነበር። የፋይሎችን ራስጌ፣ ማለትም የመጀመሪያ ባይቶቻቸውን፣ እየመረመረ የተበከለውን የሚለይ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ የሐጂ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላቸው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲወጣ ፈታሾች መጡና ኮምፒውተሩንም እሳቸውንም ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

በማግስቱ ለምርመራ ተጠራሁ። ከመርማሪው ጎን “ባለሙያ” ተብሎ የተቀመጠው ሰው ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ነው። ቀና ብሎ አላየኝም።

የእሱ ሪፖርት ፕሮግራሙ ከፍላሽና ከኔትወርክ እየተነሳ እንዲሰራጭ ታስቦ የተሠራ ነው ይላል። ማስረጃው ሁለት ባይት ነው። የፕሮግራም ፋይል ራስጌ ላይ አሥራ ስድስት ቢት፣ ማለትም ሁለት ባይት፣ የያዘች ቦታ አለች። እያንዳንዱ ቢት እንደ አምፖል ነው፤ ከበራ አዎ፣ ከጠፋ አይደለም ማለት ነው። አንዱ ፋይሉ መሥራት ይችል እንደሆነ ይናገራል፤ ሌሎቹ ከፍላሽ ወይም ከኔትወርክ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ ይናገራሉ። ማሽኑ ግን ትንሹን ባይት አስቀድሞ ነው የሚጽፈው። አንባቢው ሁለቱን ካላገላበጣቸው የጠፉት አምፖሎች በርተው፣ የበሩትም ጠፍተው ይታዩታል። ባለሙያው አላገላበጣቸውም።

መርማሪው ስልክ ሊያናግር ወጣ።

“ትንሹ ይቀድማል። ታውቀዋለህ” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “መርማሪው ግን የሚያነቡት ከግራ ወደ ቀኝ ነው።”

 ከባልዲው ይልቅ እሱ አጠገብ መቀመጤ ቀፈፈኝ።

መርማሪው ተመለሰ። “ስማ መምህር። ሪፖርቱ ትክክል ነው ብለህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። የሽማግሌውን ነገር ለእኛ ተወው።”

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ቁጥሮቹን እንደገና አየኋቸው። “በዚህ አነባበብ ከሄድን ይሄ ፕሮግራም ከነጭራሹ አይሠራም” አልኩ። “መሥራት ይችላል የምትለው ቢት ጠፍታለች። የማይሠራ ነገር ሐጂ እንዴት አድርገው አሰራጩት?”

መርማሪው ወደ ባለሙያው ዞረ። “ይሠራል አይሠራም?”

“ይሠራል ጌታዬ።” ግንባሩን ጠረገ። “ያቺን ቢት ባንጠቅሳት ይሻላል።”

“እንግዲያው አትጥቀሳት።”

ከሪፖርቱ ግርጌ ሁለቱን ባይቶች በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው ጻፍኩና ከራሴ ጽሑፍ ሥር ፈረምኩ። መርማሪው አይቶ ቀደደው። ሌላ አሳትመው አመጡልኝ፤ እሱን አልፈረምኩም።

“ምን አሉህ?” አሉኝ ሐጂ ስመለስ።

“ፈርም አሉኝ።”

“ፈረምክ?”

“የራሴን።”

 ከቤት የመጣላቸውን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

ክረምቱን እዚያው አሳለፍነው። ሐጂ ሲወጡ ደረታቸው ተጎድቶ ነበር፤ ሱቁንም መልሰው አልከፈቱትም።

ያ “ባለሙያ” ዛሬ መምህር ሆኗል። በቀደም ባጃጅ ውስጥ ያገኘሁትን ተማሪውን የባይቶችን ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚያስተምራቸው ጠየቅኩት። ትንሹ ባይት እንደሚቀድም፣ ይህን የረሳ ሰው ሌላውን ሁሉ እንደሚሳሳት ደጋግሞ እንደሚነግራቸው ነገረኝ። ፈተና ላይም ያወጣዋል።

ያኔ ሳያውቅ ተሳስቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።