ገሃድ የወጣው ገጽ

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ዋዜማ፣ በገሃድ ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ታቦታቱ እንጅባራ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ድንኳን ገብተዋል። እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜያለሁ። ማይኩን የያዘችው ጓደኛዬ ናት። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል፤ እሷ ዳንግላ ሥራ አግኝታ፣ በየሳምንቱ በሚኒባስ እየመጣች ከእኔ ጋር በሰንበት ትምህርት ቤት ታገለግላለች።

የምታነበው የእኔን ጽሑፍ ነበር። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ አንብቢልኝ ብዬ ለምኛት ነው። የጻፍኩት ስለ ገና ማግሥት ነው፤ እረኞቹ ወደ በጎቻቸው፣ ሰብአ ሰገል ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጌታ እስከ ጥምቀቱ ሠላሳ ዓመት ሳይገለጥ ስለ መኖሩ። ከተመረቅኩ ወዲህ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ቤት ስቀመጥ ያጽናናኝ ያ ሠላሳ ዓመት ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ግን ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሬ «ይህ ላንቺ ብቻ ነው፤ አይነበብም» ብዬበታለሁ።

«እመቤቴን! አላነበውም» ብላኛለች።

እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ሕዝቡን አየች። ከዚያ «እኔ» ብዬ የጻፍኩትን በሌላ ሰው አድርጋ ቀጠለች።

«አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። እናቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ልጄ ለሥራ ፈተና እያጠናች ነው› ትላለች። ፈተና የለም። ልጅቱ እንግዳው እስኪሄድ ደብተር ይዛ ጓዳ ትቀመጣለች።»

ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ከኋላችን የነበረችው ጎረቤታችን ጠጋ አለችና፣ «እኔን! ለካ ፈተናው አላልቅ ያለው ለዚህ ነው?» አለቻት።

«ያልቃል እቴ፣ ያልቃል» አለች እናቴ፣ ዞር ብላ ሳታያት።

ጓደኛዬን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘኋት።

«አይነበብም ብዬሽ አልነበር?»

«ስምሽን ጠራሁ እንዴ? ሰው እኮ እንባው መጣ! ደግሞስ ምን ያስኮርፍሻል፣ ቀኑ ራሱ ገሃድ አይደል?» ብላ ሳቀች።

ቀልዱ ገብቶኛል። በእመቤታችን ምላ የሰጠችኝን ቃል ሰው ለማስለቀስ ስትል እንደበላችውም ገብቶኛል። ወረቀቶቼን ከእጇ ወስጄ ወደ እናቴ ተመለስኩ።

ቤት ገብተን የጾሙን ምግብ ስታቀርብ እናቴ፣ «ነግረሻት ነው ወይስ ጽፈሽ?» አለችኝ።

«ጽፌ።»

«ብትነግሪያት ይሻል ነበር። ወሬ ይረሳል።»

እኔም የእናቴን ገመና ወረቀት ላይ አውጥቼባት ነበር ለካ። ይህን ማወቄ ግን በጓደኛዬ ላይ ያደረብኝን ቅሬታ አላቀለለውም። እንጀራውን እየቆረስኩ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ጽሑፌ ውስጥ ያላስገባሁት፣ ያኔ ያላወቅኩት ነገር ነው። ሠላሳው ዓመት ሲሞላ ወደ ዮርዳኖስ የሄደው ጌታ ራሱ ነው። ጎትቶ ያወጣው ሰው የለም።

በማግሥቱ ጠዋት የመዘምራን ልብሴን አልለበስኩም። ነጠላዬን አጣፍቼ ከእናቴ ጋር ወረድኩ። ጸበሉ ከተረጨ በኋላ ከጥሊሊ የመጡ የእናቴ አጎት አገኙንና ሳሙን።

«አንቺስ፣ አሁን ምን ላይ ነሽ?» አሉኝ።

እናቴ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«ሥራ የለኝም፣ አባባ። ሁለት ዓመቴ ነው።»

ድምፄ ቀጥኖ ስለነበር ለመስማት ጎንበስ አሉ። ደገምኩላቸው። እናቴ ምንም አልጨመረችበትም።