ሦስት ያላልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ለስፖርት ቀን የትምህርት ቤታችንን ሜዳ ስናሰምር እርጥብ የኖራ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ተማሪዎቼ ገመዱን ወጥረው ይዘው «ቲቸር፣ ቀጥ ብሏል?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔ መስመሩን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። በደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ሠፈር ላደግን የሐበሻ ልጆች፣ በተለይ ከወላጆቻችን ሱቆች ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ለተጫወትን፣ ነጭ መስመር ማለት አባባ ሬይ ማለት ነው።

አባባ ሬይ አሜሪካዊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደመወዝ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫውተዋል። ይህ ጨዋታ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር ከስሙ በስተቀር ብዙም አይገናኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ። ኳሷ ጫፏ የሾለ ናት፤ በእጅ ትያዛለች። የሚወረውራት ሰው ከኋላ ይቆማል። ከእሱ ፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች በመስመሩ ላይ ያጎነብሳሉ። የእነሱ ሥራ ኳስ መያዝ ሳይሆን ከኋላቸው ያለውን ሰው ማንም እንዳይነካው ማድረግ ነው። አባባ ሬይ ከአምስቱ አንዱ ነበሩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ኳስ እጃቸው የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷም ከሰው እጅ አምልጣ ስትወድቅ ተኝተውባት። ከሻንጣቸው አውጥተው በሚያሳዩን የጋዜጣ ፎቶ ላይ ወርዋሪው ይስቃል፤ ከእሳቸው ግን ክርናቸው ብቻ በጠርዙ ገብቷል። «ስሜ የሚጠራው ስሳሳት ነው» ይሉን ነበር። «ማንም ስሜን ካላነሳ፣ ጥሩ ቀን ውያለሁ ማለት ነው።»

ጨዋታውን ሲተዉ ጉልበታቸው በቀዶ ጥገና ጠባሳ ተሞልቶ፣ ጣቶቻቸው ወደ ጎን ተጣመው ነበር። እዚያው ነርስ የነበረችውን ማ ኖምሳን አገቡ፤ እሷ ወደ አገሯ ወደ ጆሃንስበርግ ስትመለስም አብረዋት መጡ። እኔ ባወቅኋቸው ጊዜ ከጉልበታቸው ይልቅ የሚያስቸግራቸው ጭንቅላታቸው ነበር። ለዓመታት ሲጋጭ የኖረ ጭንቅላት ነው። ብርሃን ያማቸዋል፣ የትናንቱን ይረሳሉ፣ ቤታቸው ሦስት መንገድ አልፎ እያለ መንገዱ ይጠፋባቸዋል። ከጨዋታው ግን አንዲት ነገር አልጠፋቻቸውም።

ማ ኖምሳ ክሊኒክ ስትውል እሳቸው አባቴ ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ይውሉ ነበር። አባቴ «ጋሽ ሬይ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሁለት ሰው የሚሸከመውን የብርድ ልብስ እስር እንደ ትራስ አንስተው መደርደሪያ ላይ ያኖሩለታል። አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ወደ ቤታቸው የምሸኛቸው እኔ ነበርኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴ በየቀኑ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «ራሂማ! አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!» ይለኛል፤ እኔም በየቀኑ «እሺ አባ» እያልኩ በልቤ እሰለቻለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በባዶው ቦታ ጨዋታውን ያስተምሩን ነበር። የሠፈሩ ሌሎች ልጆች እንዳይገባቸው ትእዛዙ በአማርኛ ይሁን አሉ፤ እኛም አምስት ቃል አስተማርናቸው። «ግፋ» ከተባለ መስመሩ ላይ ያሉት ወደ ፊት ይሄዳሉ። «ከልል» ከተባለ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከኋላቸው ያለውን ሰው እየሸፈኑ፣ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። ሌሎቹ ሦስት ቃላት ቁጥሮች ናቸው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሦስት በፊት የተነቃነቀ ተሸነፈ። ተቃራኒው ቡድን ይጮህብሃል፣ ይሳደባል፣ ሊያስደነግጥህ ይሞክራል፤ አንተ ትጠብቃለህ። ሐሳብ ከተለወጠ ከኋላ ያለው ሰው ጀርባህን ሁለቴ መታ መታ ያደርግና አዲስ ትእዛዝ ይሰጥሃል። መጨረሻውን የሚያውጀው ፊሽካ ነው። መስመር ከሌለ ደግሞ አባባ ሬይ አይጫወቱም፤ ኖራ ካጣን በጠመኔ እናሰምርላቸው ነበር።

ጥፋቱን የሠራሁት አንድ ሐሙስ ነው። ስንሸኛቸው የክፍል ጓደኛዬ ሰሚራና ሁለት ልጆች አብረውኝ ነበሩ። ሰሚራ ክንዴን እየጎተተች «ኧረ ራሂማ፣ በእናትሽ! እንደ ሐውልት ሲሆኑ አንዴ ብቻ አሳዪን!» አለች። አፈርኩ፤ ደግሞም መታየት አማረኝ። እግረኛ መንገዱ ላይ እንደቆምን «ግፋ!» ብዬ ጮህኩ። አባባ ሬይ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸውን መሬት አስነኩ። «አንድ... ሁለት...» አልኩና ዝም አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሳቸው አልተነቃነቁም። «ሳምቡሳ ገዝተን እስክንመለስ እንዲህ ይቆዩ ይሆን?» አለች ሰሚራ። ሮጥን።

ስንመለስ ቦርሳው ብቻውን ቆሟል።

የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ። ጥጉ ላይ ሮቦት አለ፤ እዚህ የትራፊክ መብራት እንዲያ ነው የሚባለው። አባባ ሬይ ከመብራቱ ሥር፣ መኪኖች የሚቆሙበት ነጭ መስመር ላይ አጎንብሰዋል። የእግረኛው መንገድ መስመር ስለሌለው ተነስተው ትክክለኛውን መስመር ፈልገው ይዘዋል። ከፊታቸው ሰው የሞላ ታክሲ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ ተደርድሯል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ማንም አላለፈም። ቀይ ሆነ።

ከታክሲው መስኮት አንዲት ሴት «ልጆቼ በር ላይ እየጠበቁኝ ነው!» ትላለች። «ሰክሯል» ይላል አንዱ። «የምን ስካር፣ ተገጭቶ ካሳ ሊበላ ነው እንጂ!» ይላል ሌላው። ሹፌሩ ወረደ። የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። «ባባ፣ ሱካ! ዞር በል እኮ ነው የምልህ!» እያለ ፊታቸው ድረስ ተጠግቶ ጮኸ። አባባ ሬይ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ዘጠኝ ዓመት ፊታቸው ላይ ሲጮህባቸው ኖሯል፤ ለእሳቸው ጩኸት ማለት «አትነቃነቅ» ማለት ነው። ሹፌሩ በጮኸ ቁጥር የበለጠ ይጠነክራሉ።

ሳምቡሳው ከእጄ ወደቀ። «ሦስት» ብል ሰውዬውንና ታክሲውን ይገፋሉ፤ ያ ብረትም ያን የታመመ ጭንቅላት ያገኘዋል። ዝም ብልም ያገኘዋል። እጃቸውን ብጎትት አንድ መቶ ሠላሳ ኪሎ የት አደርሳለሁ? ሰሚራን ፈለግኳት፤ ሱቅ በር ላይ ተለጥፋ ታለቅሳለች።

ከጀርባቸው በኩል የእግረኛ ማቋረጫ ነበር። ገባሁበት። ጀርባቸውን በመዳፌ ሁለቴ መታ መታ አደረግኩ፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። «ከልል» አልኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ሹፌሩ ብረቱን አነሳ። «ከልል!» ብዬ ጮህኩ። «አንድ! ሁለት!» እንደገና ሦስት ለማለት ፈራሁ፤ ከረሱትስ? ወደ ፊት ከሄዱስ? «ሦስት!»

ተነሱ። እጃቸውን ዘረጉና አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጡ። መዳፌን ከጀርባቸው ሳላነሳ በማቋረጫው ላይ በጎን በጎን ወደ እግረኛው መንገድ መራመድ ጀመርኩ፤ እሳቸውም ዞር ብለው ሳያዩ፣ ሰፊው ጀርባቸው በእኔና በሰውዬው መካከል እንደሆነ፣ እየተንሸራተቱ ተከተሉኝ። ሹፌሩ እየተከተለ ደረታቸውን ገፋ። ተቀበሉት። በብረቱ ጫፍ ትከሻቸውን ጎነተለ። ተቀበሉት፤ አልመለሱለትም። ተረከዜ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ሲነካ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፦ ፊሽካ የለኝም። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ለማፏጨት ሞከርኩ፤ ምራቅ ብቻ ወጣ። ሹፌሩ እንደገና ሊገፋ ሲል ከተዘረጋው የአባባ ሬይ ክንድ ሥር እኔን አየኝ። ብረቱን ዝቅ አደረገ። «ልጅ አለች እንዴ?» አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ወደ መኪናው እየተመለሰ፣ ከኋላ ያሉት እንዲነሱ ሁለት ጣቱን አፉ ከትቶ አፏጨ።

በዚያ ፉጨት አባባ ሬይ እጃቸውን አወረዱ። ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«የነካሽ ሰው አለ?» አሉ።

«ማንም አልነካኝም።»

«ጥሩ ቀን ነው» አሉና ቦርሳቸውን ፈለጉ።

ማ ኖምሳ ከክሊኒክ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ትከሻቸው ላይ የቀላውን በእርጥብ ጨርቅ ያዘችላቸው። «አባቴ ሌላ ሰው ይልካል» አልኳት። «አይልክም» አለች። «ነገም አሥር ሰዓት ላይ አንቺው ነሽ የምትመጪው።» ከቅጣት ሁሉ የከበደኝ ያ ነው። እሳቸው ግን በማግሥቱ ምንም አላስታወሱም። ሁለት ዓመት ሸኘኋቸው፤ መጨረሻ ላይ ስሜን ረስተው እንኳ መንገድ ስንሻገር እጃቸውን ዘርግተው ቀድመውኝ ይገባሉ። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ስለ ኳስ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ያኔ መንገድ ሁሉ የምሻገረው ከአንድ ሰፊ ጀርባ ኋላ ሆኜ ነበር፤ ከፊቱ ምን እንዳለ እምብዛም አላይም። ዛሬ ከትምህርት ቤት በር ልጆቹን የማሻግር እኔ ነኝ። ነጩ መስመር ላይ ጀርባዬን ለልጆቹ፣ ፊቴን ለታክሲዎቹ ሰጥቼ እቆማለሁ። ጀርባዬ ጠባብ ነው፤ ጡሩምባውም ያስደነግጠኛል። አንዳንዴ አንዱ ትንሽ ልጅ ከኋላ ጃኬቴን ይጎትታል። «ወዬ» እለዋለሁ፤ ግን አልዞርም። መጨረሻው ልጅ ጠርዙን እስኪረግጥ መኪናውን አያለሁ።