መስኮት ላይ የሚቆሙ አረሮች

ባለፈው እሑድ ለአንድ ዘመድ ክርስትና ሳሊተ ምሕረት ሄጄ የጧፍ ሽታ ሲደርሰኝ፣ አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ፣ እኔ የታየኝ የቀለጠ እርሳስ ነበር። አባቴ በክረምት፣ ላምበረት አጠገብ በነበረው ቤታችን ጓሮ፣ በአሮጌ የብረት ድስት እርሳስ ሲያቀልጥ ቆሻሻው ወደ ላይ እንዲንሳፈፍ እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ከገዛችው ጧፍ ቆርሶ ይጨምርበት ነበር።

«ለማርያም የገዛሁትን ነው እኮ የምትማግደው!» ትለው ነበር እናቴ።

«ቁራጩን ነው የወሰድኩት፤ ሙሉውን አልነካሁም።»

«እሷ ቁራጭ ትወዳለች ያለህ ማን ነው?»

አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲሆን ለመሥሪያ ቤቱ የዒላማ ተኩስ ቡድን ይተኩስ ነበር። ጠመንጃው በቡድኑ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ አዲስ ጥይት ግን እንደ ልብ ስለማይገኝ አባላቱ የተተኮሰውን ቀለህ ለቅመው፣ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረውን አረር ራሳቸው ከእርሳስ አቅልጠው እየሠሩ መልሰው ይሞሉት ነበር። አባቴ የቀዘቀዙትን አረሮች መስኮቱ ደፍ ላይ በተጋደመ መስታወት ላይ አንድ በአንድ አቁሞ፣ የዘመመውን ወደ ድስቱ ይመልሰዋል። በኋላ ይህን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና እንደ ማንኛውም ሰው ፊት አይቼ ፈረድኩ፤ ጫፋቸው የሚያምረውን አስቀርቼ አፍንጫቸው የተጨፈለቀውን ጣልኩ።

«አፍንጫዋን ተያት የኔ ልጅ፣ ልንድራት አይደለም» አለኝ። «ቂጧን እያት።»

ባሩዱ የሚገፋው ከኋላ ነው። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ መጨረሻ ላይ የሚለቀው ቂጡ ነው፤ የጠርዙ አንድ ጎን ከተሸረፈ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ገና ከደጃፉ ያጣምመዋል። ከዚያ ወዲህ ካነበብኳቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ይህን ያህል አላስተማሩኝም።

መልቀሙን ለእኔ የሰጠኝ ስለሚወደኝ ብቻ አልነበረም። አባቴ ዒላማውን አጥርቶ ያያል፤ እጁ ላይ ያለው ነገር ግን ደብዝዞበት ነበር። ጋዜጣ ሲመጣ «ንባብ ተለማመጂ» ብሎ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ቡድኑ ከሰማ ቦታውን ለታምራት እንደሚሰጠው ያውቃል። ታምራት በተጠባባቂነት ሦስት ዓመት የቆየ የሥራ ባልደረባው ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ጥይት የሚሞላበት መስከረም ሲደርስ ጭንቁ ጀመረ። የእኛ አረር ቂጡ ጠፍጣፋ ስለነበር ቀለሁ አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ ሲጫኑት ይንጋደዳል፣ ጎኑም ይላጣል። የቀለሁን አፍ ለክቶ ጥቂት መክፈት ያስፈልግ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ቅርብ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ታምራት ከውጭ የመጡ፣ ቂጣቸው እንደ ጀልባ የኋላ ጫፍ የጠበበ አረሮች አግኝቶ ሊያሳየን መጣ።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ራሳቸው ናቸው የሚገቡት!»

«ይግቡ» አለ አባቴ። «ጥቅማቸው ለሩቅ ነው። በእኛ ሜዳ ርቀት ለውጥ የለውም።»

እውነቱን ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት አገባባቸውን ነበር። ኅዳር ላይ አባቴ ሥራ በዋለበት ቀን አረሮቻችንን ይዤ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና የቂጣቸውን ጠርዝ እየፈገፈግሁ እንደ ታምራት አረሮች ላጠባቸው ሞከርኩ። ማታውኑ አባቴ እየዘመረ ቀለሁ ውስጥ አስገባቸው። አንድም አልተላጠ።

«እጄ ተመለሰልኝ!» አለ እናቴን። እኔ ስጦታ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር።

በጥር ውድድሩ ሲደረግ ጥይቶቹ እንደ ተበተነ ጥሬ በየአቅጣጫው ሄዱ። አንዳንዱ ወረቀቱንም አላገኘውም። ቡድኑ ስለ አባቴ ቦታ ሰኞ ሊወስን ተለያየ። አባቴ ቤት እንደገባ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ መስኮቱ ሄዶ ከተረፉት አረሮች አንዱን መስታወቱ ላይ አቆመው። ወደቀ። ሌላው ወደቀ። ሊያየው ስላልቻለ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«በምን ፈገፈግሽው?»

«በደረጃው።»

ወዲያው ታምራት ሊጠይቀው መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መውጫውን ራሱ አቀረበለት።

«ጋሼ፣ ጥይቱ ነው አይደል? ማን ነው ያዘጋጀው? ጥይቱ ከሆነ እንዲደገም እንጠይቃለን።»

አባቴ አረሩን ኪሱ ከተተ።

«ጥይቱ ምንም የለበትም» አለ። «ዓይኔ ነው። ቅርብ ካላየሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሰማችው። ሰኞ ቦታው ለታምራት ተሰጠ፤ ለአባቴ መነጽር ተገዛ፤ የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ጧፉ ሁሉ ለማርያም ሆነ።

ያ ቤት ዛሬ ፎቅ ሆኗል። እኔ ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ እንደ አባቴ ሩቁ ይታየኛል፣ ቅርቡ ግን ያለ መነጽር የለም። አባቴ ያን ዕለት ኪሱ የከተተውን አረር መስኮቴ ደፍ ላይ አጋድሜ አስቀምጬዋለሁ፤ እንግዶች አንስተው ጫፉ እንዴት ያምራል ይሉኛል። ደራሲ ሆኜ በጻፍኩባቸው ዓመታት እኔም ብዙ ጊዜ ስቻለሁ፤ አንዴ አርታኢው፣ አንዴ ማተሚያ ቤቱ፣ አንዴም አንባቢው ጥፋተኛ ሆኖልኛል። «ዓይኔ ነው» ያልኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።