አለቃዬ ናይሮቢ ሱቅ ሊከፍቱ

አለቃዬ የቢሮ ወንበር አምራች ናቸው። ቢሯችን ካዛንቺስ ነው፤ መስኮቱን ሲከፍቱ ፊት ለፊት ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥበቃ እጁን አንስቶ ሰላም ይላቸዋል። ምሳ የሚበሉት ከዳይሬክተሮች ጋር ነው። ለቅሶ እንኳ የሚደርሱት ሹም ያለበትን መርጠው ነው።

አንድ ቀን ናይሮቢ ሱቅ እንከፍታለን አሉ። «ሥራ አስኪያጁ አንተ ነህ» ሲሉኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባለቤቴ ማታውኑ ላንቻ ላሉት ጎረቤቶቻችን ሁሉ አወጀች። ሌላው ነጋዴ ውጭ አገር ገንዘብ አውጥቶ ለመሥራት ወራት የሚመላለስበትን ፈቃድ አለቃዬ በስልክ ጨረሱት። «አየህ ልጄ፣ ዋናው መተዋወቅ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው።

ናሙና ወንበር ይዘን ናይሮቢ ሄድን። የመጀመሪያዋ ደንበኛችን ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ዕቃ የምትገዛ ሴት ነበረች። የአለቃዬ እንግሊዝኛ ደከም ያለ ስለሆነ፣ ከእነማን ጋር ምሳ እንደሚበሉ አንድ በአንድ እንድተረጉምላት አዘዙኝ። ተረጎምኩ። በትዕግሥት ሰማችኝና ናሙናው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ደገፍ ስትል ወንበሩ አቃሰተ። ዞር ስትል ደግሞ አንድ ነገር ቀጭ አለና እግሩ ተንሻፈፈ።

«እናንተ አገር ሳይቀመጡበት ነው የሚገዙት?» አለችኝ። ለማሾፍ አይደለም፣ የምር ገርሟት ነው።

«ምን አለች?» አሉ አለቃዬ።

«ትንሽ ይጠንክር ነው የምትለው» አልኳቸው።

ስንመለስ አውሮፕላን ውስጥ አለቃዬ አንገታቸውን ደፉ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው ስለማላውቅ አሳዘኑኝ። ደፈር ብዬ፣ «ጋሼ፣ እግሩን ብረት እናድርገውና ተመልሰን እንሄዳለን፤ በቃ፣ እሷ ራሷ ትገዛለች» አልኳቸው።

«እውነትህን ነው» አሉኝ። «እኔም እሱን እያሰብኩ ነው።» እንደዚያ ሰዓት ወድጃቸው አላውቅም።

ቦሌ ደርሰን ሻንጣ ስንጠብቅ ስልካቸው ጮኸ። ጥቂት አዳምጠው ፊታቸው በራ።

«ኡራኤል ጋ አዲስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊገባ ነው፣ ሙሉ ሕንፃ! ወንበሩን ከእኛ ነው የሚወስዱት።»

«እግሩስ፣ ጋሼ?»

«የምን እግር?»

ናይሮቢ የቀረችብኝ እዚያው ላይ ነው። በጣም ከፋኝ። እሳቸው ግን «እንኳን ደስ አለህ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።