የመለከት ትንፋሽ

የአውቶቡስ መናኸሪያው ሾፌሮች “መለከት” ይሏታል። ማይክሮፎን ይዛ የሚነሱ አውቶቡሶችን ስትጠራ ፀጉሯ ሸብቷል። ዘንድሮ ግን ድምፅዋ ከምሳ ሰዓት አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ተቀደደ ወረቀት ይንሿሿል።

“መለከት፣ ዛግሽ እንዴ?” አላት አንዱ ሾፌር በመስኮቷ ብቅ ብሎ።

“ካንተ ሞተር እሻላለሁ!” ብትለውም ግማሹ ነፋስ ሆኖ ወጣ። ሾፌሩ ሳቀ። እሷም ልትስቅ ስትል ሳል ቀደማት።

ኃላፊው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻላት የተቀዳ ድምፅ እንደሚያስገባ፣ እሷን ደግሞ ወደ ዕቃ ክፍል እንደሚያዛውራት ነግሯታል። ዕቃ ክፍሉ መስኮት የለውም።

የእህቷ ልጅ ናት እየጎተተች ሆስፒታል የወሰደቻት። ሐኪሙ ጉሮሮዋን በካሜራ አየው፤ ቁስልም እብጠትም የለም። ግራ ሲገባው፣ ሰው ሲናገር እንዴት እንደሚተነፍስ ወደሚጠናበት ክፍል መራት።

ተመራማሪዋ ገና ወጣት ናት። ደረቷና ሆዷ ላይ ትንፋሽ የሚለካ ቀበቶ አሰረችላትና፣ “እትዬ፣ ልክ ሥራ ላይ እንደሚናገሩት” አለቻት።

መለከት ዓይኗን ጨፍና አውቶቡሶቹ የሚሄዱባቸውን ከተሞች ጠራች። ኮምፒውተሩ ላይ ትንፋሿን የሚያሳየው መስመር ቁልቁል ወረደ፤ ታች ደርሶም አልተነሳም።

“እትዬ፣ አየሩ እኮ እዚህ ጋ አልቋል። ከዚህ ወዲያ በምን ተናገሩ?”

“በጉሮሮዬ ነዋ።”

“ለምን አይተነፍሱም?”

መለከት ሥራ በጀመረች ሰሞን የነበረው አለቃ፣ “ትንፋሽሽ በድምፅ ማጉያ እንዳይሰማኝ! መንገደኛ የምታለከልክ ሴት መስማት አይፈልግም” ብሏት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉንም ከተማ በአንድ ትንፋሽ ጠርታ ትጨርሳለች።

“ሰውየው እኮ ሞቷል” አለች፣ ቀበቶው ሲፈታላት።

“ማን?”

“ተይው የኔ ልጅ። ድምፄ ይመለሳል?”

“ቃል አልገባልዎትም፤ እኛም ገና እያጠናን ነው። ግን መሃል ላይ ይተንፍሱ።”

በማግስቱ የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫነች። ሁለት ከተማ ጠርታ ቆመች፤ ተነፈሰች። ትንፋሿ በመናኸሪያው ሁሉ ተሰማ። ፊቷ ጋለ፤ ቢሆንም ቁልፉን አልለቀቀችም።

ኃላፊው እየሮጠ መጣ። “ምንድን ነው እሱ? ማይክሮፎኑ ተበላሸ?”

“እኔ ነኝ። እየተነፈስኩ ነው።”

“ሰው ይሰማል እኮ!”

“ይስማ። ወይ ይሄን ስማ፣ ወይ የተቀዳውን አስገባ።”

ኃላፊው ወደ ቢሮው ተመልሶ ሄደ።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ከተሞቹ ግን አንድ በአንድ ይሰማሉ። ሾፌሩ በመስኮቷ ብቅ አለ።

“መለከት፣ ዛሬ ምን አገኘሽ?”

“አየር” አለችው። ለቀልድ የሚተርፍ ጉልበት አልነበራትም፤ የማታው አውቶቡስ ገና አልተጠራም።